አሥራ አምስት መምህራን፣ ሰባት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት የቀድሞ ተማሪዬ አብረን የሠራነውን ጥናት ረቂቅ ላከልኝ። ጥናቱ ኮምቢናቶሪክስ በሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ነው፤ ሰውም ሆነ ዕቃ በስንት መልክ ሊደለደል እንደሚችል የሚመረምረው። መጨረሻው ገጽ ላይ «የሚያመሰግኑት ሰው ካለ ስሙን ይሙሉልኝ» ብሎ ክፍት ቦታ ትቷል። ዕድሜዬን ሙሉ ከብዙ ሰው ጋር ጽፌአለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ስሞላ ግን እንደዚህ ተቸግሬ አላውቅም።

በደርግ ዘመን፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ አሰላ የሒሳብ መምህር ሆኜ ተመደብኩ። ለአዲስ አበባ ልጅ የአሰላ ብርድ ቀልድ አይደለም። ከሰል የሚነድበት የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ብቻ ስለነበር ክፍል ከሌለኝ እዚያ ነበር የምገኘው። ታይፒስቷ እትዬ አስካለ ወደ አርባ የሚጠጉ የሳጉሬ ሰው ናቸው። እጃቸው ከታይፕ ሲያርፍ ዳንቴል ይይዛሉ። የከተማው ሬዲዮ ሁሉ የእሳቸውን ዳንቴል የለበሰ ይመስለኝ ነበር።

የገብሱ አጨዳ እንዳለቀ አሥራ አምስት መምህራን ለሰባት ቅዳሜ መሠረተ ትምህርት ልናስተምር ታዘዝን፤ ሦስት ሦስት ሆነን በእግር ወደ አምስት የገበሬ ማኅበራት። ካድሬው አንድ ነገር ጨመረ፤ ማንም ከማንም ጋር ከአንድ ቅዳሜ በላይ እንዳይመደብ። ምክንያቱን አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ሁለት ሰው ያን ያህል መንገድ ደጋግሞ አብሮ ከሄደ ማውራቱ አይቀርም። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ «ቀላል ነው፣ ድልድሉን ለዓርብ አደርሳለሁ» አልኩ።

ቀላል አልነበረም። አራቱ ቅዳሜዎች ያምራሉ፤ አምስተኛው ላይ የግድ ሁለት ሰው ይደገማል። እንደገና ስጀምርም እዚያው። ሐሙስ ከሰዓት እትዬ አስካለ ያቀረቡልኝን የገብስ ቆሎ በመምህራኑ ፈንታ ጠረጴዛው ላይ እየደረደርኩ ሳለሁ ሳላስበው ርእሰ መምህሩን በላኋቸው። ሳቅ ግን አልመጣልኝም። በቅርቡ አንድ ባልደረባችን ሪፖርት ስላዘገየ ብቻ «አሻጥር ነው» ተብሎ ታስሮ ነበር፤ ፈርቼ ነበር።

እትዬ አስካለ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። ቆሎውን ትንሽ ሲያዩ ቆይተው የጀመሩትን ዳንቴል አጠገቡ ዘረጉት፤ መሃሉ አንድ ክብ፣ ዙሪያውን ሰባት ቅጠል።

«አንተ እያንዳንዱን ቅዳሜ እንደ አዲስ ነው የምትሠራው» አሉኝ። «እኔ የማስበው አንዱን ቅጠል ብቻ ነው። መሃሉ አይነቃነቅም፤ ሌላውን አንድ አንድ እርምጃ ማዞር ነው።»

አንድ ሰው መሃል አስቀመጥኩ፤ ሰባቱን በውስጠኛው ክብ፣ ሰባቱን በውጪኛው። ትክክለኛው የመጀመሪያ ቅዳሜ እስኪገኝ መሸ። እሱ ከተገኘ በኋላ ስድስቱ በማዞር ብቻ መጡ፤ አንድም ጥንድ አልተደገመም። በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለ ሰንጠረዡን በካርቦን መቱልኝ። ታች ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ።

«አዘጋጅ ማን ልበል?»

የራሴን ስም ከነአባቴ ነገርኳቸው። ከእንዲህ ያለ ወረቀት መራቁ ይሻላቸዋል ብዬ ነው እያልኩ ለዓመታት ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን ምስጋናውን ለብቻዬ ፈልጌው ነበር። ቀና ብለው አዩኝና መቱት።

ምስጋናው መጣ። ካድሬው በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ፤ ከአውራጃው የድጋፍ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ በዚያ ደብዳቤ ለከፍተኛ ትምህርት ወጣሁ። ያ ማዞር የዕድሜ ልክ ሥራዬ ሆነ። ከዓመታት በኋላ አሰላ ስመለስ እትዬ አስካለ ተዛውረዋል፤ የት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም።

አሁን ስማቸውን ልጽፍ ስል የአባታቸውን ስም እንደማላውቅ ገባኝ። ያቺን የካርቦን ቅጂ ከፋይሌ አወጣኋት። ደብዝዛለች። ከግርጌዋ በግራ በኩል፣ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት እንደሚደረገው፣ የአዘጋጁና የታይፒስቷ የስም መነሻ ፊደላት አሉ፦ ደ.መ/አ.ገ.። ለካ ያን ጊዜም ጎን ለጎን ነበርን።

ለተማሪዬ «ወይዘሮ አስካለ ገ.» ብዬ ላክሁለት። «የአባታቸውን ስም ሙሉውን ቢልኩልኝ» ብሎ መለሰልኝ። ሁለት ዓመት አንድ ከሰል ስንሞቅ አልጠየቅኋቸውም።