ኢሊሊ እጇን ካነሳች በኋላ የበራው አምፖል

የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ ሰብሪያ ኑሕ በድንገተኛ የልብ ሕመም ስትሞት፣ ቀራንዮ ባለው ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ግማሹ ብቻ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቷ በሩ ላይ ባነር ሰቀለ። «ተሸላሚዋ የፊዚክስ መምህርታችን» ይላል። የትውልድ ዘመኗን ተሳስቷል፤ የአባቷንም ስም ተሳስቷል። ፎቶዋ ላይ የሽልማት ካባው ግን በደንብ ይታያል። ያንን ካባ ለብሳ የቆየችው ከመድረክ እስክትወርድ ነበር።

ሽልማቱ የመጣው በጥር ወር ነው። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ኢሊሊ፣ ከቆሼ ቆሻሻ ለቃሚዎች ከገዛችው አሮጌ ሞተር ማግኔቱንና ሽቦውን ፈታ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር ሠርታ ነበር። የተገጠመለት አምፖል ክፍል ውስጥ በርቶ አያውቅም። ሰብሪያ ለምን እንዳልበራ ልጅቷ ራሷ ታስረዳ ብላ ወደ ሳይንስ ትርኢቱ ይዛት ሄደች።

የክብር እንግዶቹ እንደ ልማዳቸው አርፍደው መጡ። ኢሊሊ እጀታውን ማዞር ስትጀምር ርዕሰ መምህሩ ወንድይፍራው ጠረጴዛውን ደገፍ አለ፤ አምፖሉ በራ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ልጅቷ ደንግጣ እጇን አነሳች። እጀታው ቆመ። አምፖሉ እንደበራ ነው፤ ጭብጨባውም እንደቀጠለ ነው። ከፊት ወንበር ላይ ማዕረጋቸው ከስማቸው ቀድሞ የሚጠራላቸው ሰዎች ተደርድረዋል። አንዳቸውም «ይሄ ነገር አሁን በምን ይበራል?» ብለው አልጠየቁም። ሰብሪያ ካባ ሲደረብላት ዓይኗ አምፖሉ ላይ ነበር።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን የጄኔሬተሩን ሳጥን ገለበጠችው። ከሥሩ አራት የባትሪ ድንጋዮች በፕላስተር ታስረዋል፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ሥር ደግሞ ማብሪያ ተደብቃለች።

«እያጨበጨብክ ማጥፋቱን ረሳኸው» አለችው ወንድይፍራውን።

«ቲቸር፣ እንግዳ ፊት ሳይበራ ቢቀርስ?» ወንድይፍራው በዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ነበር። «የትምህርት ቤቱ ስም እኮ ነው።»

«ደግሞ አንዱን ድንጋይ ገልብጠህ ነው ያስገባኸው። የፈዘዘው ለዚህ ነው። ለማጭበርበር እንኳ ዘጠነኛ ክፍልን ማለፍ ያስፈልግ ነበር።»

«አልፌያለሁ እኮ! እርስዎ ነዎት ያሳለፉኝ።»

«እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።»

ወንድይፍራው ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅቷ ደስ ብሏታል። ይተዉላት» አላት።

ለመመለስ የከበዳት ይህ ብቻ ነበር። ኢሊሊ ለእናቷም፣ ለጎረቤቱም፣ ለታክሲው ረዳት ሳይቀር «በራ!» እያለች ነግራለች። ሰብሪያ ዝም ብትል ልጅቷ ያልሠራችውን ሠራሁ ብላ ታድጋለች። እንደዚያ ያደጉ ሰዎችን ደግሞ ፊት ወንበር ላይ አይታቸዋለች።

ሰኞ ክፍል ውስጥ ሳጥኑን ገልብጣ ድንጋዮቹን አሳየች። ተማሪው አውካካ። ከኋላ አንዱ «ኢሊሊ ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ፤ በዕረፍት ሰዓት ግቢው ሁሉ ተቀበለው። ማክሰኞ ኢሊሊ አልመጣችም። በሚቀጥለው ሳምንትም፣ ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

ሰብሪያ ቤታቸውን አጠያይቃ አስኮ ሄደች። የኢሊሊ እናት ደሜ በሩን በግማሽ ከፈተች።

«ልጄን ሰው ፊት ያዋረዷት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ለብቻዋ ልነግራት ይገባ ነበር።»

ደሜ ለስድብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ይህን ስትሰማ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈተችው። ከመጋረጃው ጀርባ የኢሊሊ ድምፅ መጣ።

«ቲቸር፣ አንዴም ሠርቶ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«ሊሠራስ ይችላል?»

«የሽቦው ዙር አንሶ ነው። እኔ ቤት እንደገና መጠምጠም ጀምሬያለሁ። ግማሹን አንቺ ትጨርሺዋለሽ፤ ያንቺ ሥራ ነው።»

ልጅቷ ብቅ አለች። «ዩኒፎርም የለኝም። እማዬ ለታናሼ አሳጠረችው።»

«አልሄድም ብለሽ ምለሽ የለ!» አለች ደሜ። «ታዲያ ጨርቁ ተሰቅሎ ይበስብስ?»

ሰብሪያ የልጅቷን ትከሻና ቁመት በስንዝር ለክታ ሄደች።

ረቡዕ፣ የካቲት 19፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ኮልፌ አስራ ስምንት ወዳለው ልብስ ሰፊ አዩብ ጎራ አለች። አዩብ ለኢሊሊ የሰፋውን የዩኒፎርም ጉርድ እያራገፈ፣ «እትዬ ሰብሪያ፣ የፋብሪካ ነው የሚመስለው!» አላት።

ሰብሪያ ጠርዙን ገልብጣ አየችው። «የትኛው ፋብሪካ? የተዘጋው? ፍታና ድገመው።»

«በውስጥ በኩል እኮ ነው። ማን ያየዋል?»

«የምትለብሰው።»

እያጉረመረመ ፈታው። እስኪጨርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው፤ እንደገና የተሰፋውን ጠርዝ ገልብጣ አየችና ዝም አለች። አዩብ ከእሷ ዘንድ ይህ ምስጋና መሆኑን ያውቃል።

አስኮ ስትደርስ ደሜ «ይግቡ እንጂ» አለቻት። ቸኩያለሁ ብላ ዩኒፎርሙን በር ላይ አቀበለቻት። ኢሊሊ ጉርዱን ወገቧ ላይ እየለካች፣ «ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ደወሉ መቼ ተቀይሮ ያውቃል?»

ሰብሪያ ባዶውን ፌስታል ከደሜ እጅ መልሳ ተቀበለች፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ ታክሲ ፌርማታው ወረደች።