የተሸከምነው አፈር

ይሸታል አይደል? የበርሜሉን ክዳን አሁን ነው ያነሳሁት። ቀረብ ብለህ ብታሸተው ግን እበት አይደለም፤ ዝናብ የመታው አፈር ነው የሚሸትህ። ይህ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እኔ ጎባ ነኝ፤ ዘመኑም የጃንሆይ።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። አባቴ ሲሞት፣ ባላባቱ እሱ ያርሰው የነበረውን ማሳ ለሌላ ጭሰኛ ሰጠና እናቴን ወንዝ ዳር ያለች ጠጠራም ቁራሽ መሬት አሳያት። «ካበቀለችልሽ ብያት» አላት እየሳቀ። በመጀመሪያው ክረምት የተከልነው ጎመን ቢጫ ሆኖ ቀረ።

የግብርና መምህራችን ያስተማረንን ለእናቴ ነገርኳት። የበሰለ ፍግ በጆንያ ቋጥረን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነከርን። አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪነሳ እናቴ ጠዋትና ማታ በዱላ ታማስለው ነበር። «ከከረፋ ተበላሽቷል፤ ድፉት» ብሎን ነበር መምህሩ። ከዚያ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥነን፣ በጣሳ ሥር ሥሩን አጠጣን። ጎረቤቱ «ለመሬት ሻይ አፈሉላት!» እያለ ሳቀብን። እናቴ ደንታም አልሰጣት። በሦስተኛው ዓመት ያቺ ጠጠራም መሬት ጠቁራ፣ ለስልሳ፣ ሲጨብጧት ፍርፍር የምትል ሆነች።

ባላባቱ ይህን ሰምቶ መጣ። ከበቅሎው ሳይወርድ «መሬቷን እፈልጋታለሁ» አለ።

እናቴ ከጎመኑ መሃል ቀና አለች። «ጌታዬ፣ የሰጡኝ ጠጠር ነው። ጠጠርዎን ይውሰዱ። አፈሩ ግን የኔ ነው።»

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ጊኒር ገበያ ከብት የሚነዱ አንድ አዛውንት ተነሡና «ዱጋ! እውነቷን ነው» አሉ። «እዚያ ላይ ሣር እንኳ አልነበረም። ከብቶቼ ሲያልፉ አንገታቸውን ዝቅ አያደርጉም ነበር።»

ባላባቱ በንዴት ብድግ አለ። «እንግዲያው ተሸክማው ትሂዳ!»

ተሸከምነው። አጎቴ ሮቤ ከተማ ያለውን ጓሮውን ሰጥቶን ነበር፤ አምስት ቀን ሙሉ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መሃል፣ በተዋስናቸው አህዮች አፈር በጆንያ አመላለስን። ሰው ቆሞ ሲያየን አፍሬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። «ግለጪው» አለችኝ እናቴ። «የሰረቅነው የለም።» ዛሬ ወገቤ ጎብጧል፤ ያን ቀን ግን እንደ ጥድ ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት።

በዓመቱ የባላባቱ ወኪል ሮቤ ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጃችን ላይ ቆመ። ከኛ በኋላ የተከሉት ሁሉ ደርቆባቸው ኖሯል። «እሜቴ፣ ያንን ውሃ እንዴት ነው የሚሠሩት?» አላት። እኔ በሩን ልዘጋበት ነበር። እናቴ ግን አስቀምጣው፣ የፍጉን፣ የማማሰሉን፣ የአረፋውን፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ሲሄድ ወደ እናቴ ዞርኩ። «ለነሱ? ለነሱ ትነግሪያቸዋለሽ?»

አፈር በነካው እጇ ፀጉሬን ዳበሰችኝ።

«ለነሱ አይደለም፣ ልጄ። ያቺ መሬት ሦስት ዓመት አብልታናለች። አሁን ተርባለች።»