ወንድሜ ኮሶ የጠጣ ዕለት

ቀትር ላይ ያቺን ክፍል አልገባም። ጠዋት እገባለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ግን እግሬ እንቢ ይላል። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ፀሐይ የሚመታው ስለሆነ ቀን ቀን ብርሃን ይሞላታል። ሰው ሞቶባት ቢሆን ኖሮ ጠበል አስረጭቼ እገላገል ነበር። ማንም አልሞተባትም። ወንድሜ አለ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሬዲዮ ያዳምጣል። እኔን የሚያስፈራኝ አንድ ቀን ከዚያ በር ውስጥ ሆኖ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። እኔ እዚህ ጎንደር ገበያ ውስጥ ቅቤ እሸጣለሁ። ወንድሜ ታናሼ ነው፤ እናታችን ስታርፍ ገና ልጅ ስለነበር እኔው ነኝ ያሳደግኩት። አድጎ ሾፌር ሆነ። የሰው ጭነት ማኪና ይዞ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ፣ ሲመቸውም ከዚያ አልፎ ይነዳ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሥራው ከእጁ ወጣና ቤት ዋለ። ያ ጉልበተኛ ልጅ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ማየት አንጀቴን ያሳርረው ነበር። በኋላ አንድ ድርጅት የከባድ ማኪና ሾፌር ይፈልጋል ተባለ። ምዝገባው ተጓቶ፣ ፈተናው ተጓቶ፣ በመጨረሻ ነድቶ አሳያቸው፤ ወደዱት። የቀረው የሐኪም ምርመራ ብቻ ነበር። እልል ልል ስል ፊቱን አጥቁሮ ከች አለ።

"ምነው? ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ሽንት ይመረምራሉ፣ እታለም።"

"ታዲያ ሽና! እሱም ሥራ ሆኖ ነው?"

መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅም እንደነበር አውቃለሁ፤ የማይቅም ሾፌር የት አለና። ያላወቅኩት ከጫቱ ሌላ ሐሺሽም ያጨስ እንደነበር ነው። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ደግሞ ብሶበት ነበር። "አሁን ግን ትቻለሁ፤ ማስታወቂያውን የሰማሁ ጊዜ ነው የተውኩት" አለኝ። ምርመራው ግን የቆየውንም ያወጣዋል ብለው አስፈራርተውታል። ምን ልበላችሁ፣ ያልሰደብኩት ስድብ የለም። አባቱንም፣ ማኪናውንም፣ ጓደኞቹንም አዳረስኩ። ሲወጣልኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው መፍራት ጀመርኩ።

ሰው ደግሞ ለምክር ሲሆን ማን ብሎት! መናኸሪያ ያሉት ጓደኞቹ ሁሉ ሐኪም ሆነው ቁጭ አሉ። አንዱ አቼቶ በውሃ በጥብጠህ ጠጣ አለው፤ ጠጣና ጨጓራውን ላጠው። ሌላው ሎሚና ፌጦ አለ። ስልኩ ላይ ደግሞ አንድ ደረቅ ሰውዬ የአብሽ ውሃ በባዶ ሆድ የጠጣ ምንም አይገኝበትም እያለ ይምላል፤ ቤቴ እስከ ጣሪያው አብሽ ሸተተ። ሽንቱ ላይ በረኪና ጠብ አድርግበት ያለውም አለ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሌላ ሰው ሽንት በላስቲክ ቋጥረህ፣ ብብትህ ሥር አሙቀህ ግባ ያለው ነው። ወንድሜ ይህን ሰምቶ መጣና ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ።

"ያንቺን ብትሰጪኝስ?"

"እርጉዝ ነህ ቢሉህ ምን ልትል ነው?" ብዬ አፈጠጥኩበት።

ሁለታችንም ጎናችንን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እንዲያ አልሳቅንም።

በዚያው ሰሞን የአባታችን ታላቅ ወንድም ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ መጡ። አያ ነው የምንላቸው፤ ገበሬ ናቸው፣ ክፉ ነገር የማይወጣቸው ሰው። ወንድሜ ለካ ደውሎ "አያ፣ ኮሶ ይዞኛልና ሸጋ ኮሶ ይዘውልኝ ይምጡ" ብሏቸው ኖሯል። እሳቸው ምን ያውቃሉ? ለሆድ ትል የሚጠጣውን ቀይ አበባ ከጓሯቸው ዛፍ አውርደው፣ አድርቀው፣ ለእኔም ለጎረቤትም ይዳረሳል ብለው በነጠላ ጨርቅ ቋጥረው አመጡ። ከቋጠሮው ላይ ለአንድ ሰው የሚሆነውን በመዳፋቸው ለይተው ሰጡት።

"ይቺን ነው። ይቺን ብቻ። ኮሶ ቀልድ አያውቅም፣ ልጄ" አሉት።

እሺ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። በዚያው ዕለት አውቶቡስ አሳፈርኳቸው።

ወንድሜ ያሰበው ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ኮሶ ከትሉ ሌላ ደም ያጠራል፣ ገላ ያጸዳል ይባላል፤ እኔም ከልጅነቴ የሰማሁት ይኸንኑ ነው። እሱም እንግዲህ ትል ነቅሎ የሚያወጣ ነገር ጭስ አያቅተውም ብሎ አሰበ። ጭሱ ደግሞ የስንት ጊዜ ክምችት ስለሆነ የአንድ ሰው ልክ አይበቃኝም አለ። የጎረቤቱንም የእኔንም ድርሻ ጨምሮ ወቀጠና በጠላ ዘፈዘፈው። ይህንን የነገረኝ በኋላ ሆስፒታል ተኝቶ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አፍንጫውን ይዞ ጨለጠውና በሩን ዘጋ። ኮሶ የጠጣ ሰው ደንብ አለው። ያን ዕለት ሰው አያይም፣ ሰውም አያየውም። ሆዱን ይዞ ሲያቃስት፣ ከጓሮ ሲመላለስ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ዘመድ ይምጣ፣ ቀበሌ ይጥራ፣ ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ ማንም አይቆጣም፤ ይመለሳል። ረፋድ ላይ ጎረቤታችን ልትጠይቀው መጣች። ኮሶ ጠጥቷል አልኳት። "በሰላም ያውርድለት" ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተመለሰች። እኔም ወደ በሩ ሳልጠጋ ግቢው ውስጥ ከሰል አያይዤ ቅቤ ሳነጥር ዋልኩ። ሲያስመልሰው እሰማለሁ፤ እግዚኦ እግዚኦ ሲል እሰማለሁ። ኮሶ እንዲህ ነው፤ ማን ሳያቃስት ጠጥቶት ያውቃል? ከዚያ ጭጭ አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ቀትር ላይ ጠራኝ።

"እታለም፣ መብራት ጠፋ እንዴ?"

እውነትም ጠፍቶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ በሰፈራችን ብርቅ አይደለም። "አዎ ጠፍቷል፤ ስልክህን ልትሰካ ነው?" አልኩት ቅቤውን እያማሰልኩ።

"ሻማ አምጪልኝ።"

"ሻማ ምን ያደርግልሃል በዚህ..." ብዬ ጀመርኩና ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁት። ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፀሐይዋ ክፍሉን ሞልታዋለች።

"እታለም፣ አትሰሚኝም? ጨለማ ነው እኮ!"

ደንቡንም ነውሩንም ረስቼ በሩን በረገድኩት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይ ፊቱ ላይ ወጥታበታለች፤ ዓይኑ ግን ፈጦ ቀርቷል፣ አይጨፍን፣ አይሸሽ። በአንድ እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ማብሪያውን አግኝቶ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርገዋል። "እኔን ይድፋኝ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ወደመጣበት ዞሮ ፈገግ አለልኝ። "አመጣሽልኝ?" አለኝ።

ያ ቀጭ ቀጭ ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። ማብሪያውን አስነቅዬዋለሁ፤ ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፍኗል፣ ቀለምም ተቀብቷል። ቀትር ሲሆን ግን ይሰማኛል። ወንድሜ እዚያው ጓሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ እያየሁት፣ ከባዶው ክፍል ይሰማኛል። ነፍስ አባቴ ጸልዪ ይሉኛል፤ እጸልያለሁ። ጎረቤቴ ጆሮሽ ነው ትለኛለች። ይሁን፣ ጆሮዬ ነው፤ ክፍሏን ግን ቀትር ላይ አልገባም። አሁንም አንዳንድ ሾፌር ምርመራ ሲደርስበት በር ድረስ መጥቶ "ወንድምሽ ያኔ የጠጣው ምን ነበር? ያወጣል አሉ" ይለኛል። ምን ዓይነት ጉድ ነው በሉ! ጓሮ ያለውን ሰው አይተው እንኳ አይመለሱም። ጥርቅም አድርጌ እዘጋባቸዋለሁ።

ያን ዕለት ሆስፒታል የደረስነው በባጃጅ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ኮሶ ስላት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ፈራሁ፣ ግን ሐሺሹንም ምርመራውንም አልደበቅኋትም።

"ኮሶ የሚያወጣው አንጀት ውስጥ ያለ ትል ነው" አለችኝ። "ያጨሰው ነገር ያለው ደሙና ስቡ ውስጥ ነው። ኮሶም በይው አቼቶም በይው፣ ከዚያ ጎትቶ አያመጣውም። ማጨሱን ሲተው ገላው ራሱ፣ በራሱ ጊዜ ነው የሚያስወግደው። ኮሶ ሲበዛ ደግሞ መርዝ ነው፤ የዓይንን ሥር ይመታል።"

"ይመለስለታል?"

"እናያለን" አለች። ስትናገር ግን እኔን አላየችኝም።

አያ ሰምተው መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው የአልጋው ግርጌ ተቀመጡ። "እኔ እኮ ለትል ነው የሰጠሁት፤ ለትል ነው" ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ወንድሜ በእጁ እየፈለገ ጉልበታቸውን አገኘው። "እርስዎ ምን አደረጉ፣ አያ? እኔው ነኝ" አላቸው። ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞረው እንደ ሕፃን አለቀሱ። የጓሮውን ዛፍ ከሥሩ ቆርጠው ጥለውታል ብለው ኋላ ነገሩኝ።

ወንድሜ ግን የሚያስጨንቀው ያው ምርመራው ነበር። "ቀኑ አለፈ? ሌላ ሰው ቀጠሩ?" እያለ ይነዘንዘኛል። ዓይኑ ነገ ከነገ ወዲያ የሚመለስ ነው የሚመስለው። ታሟል ብዬ ደውዬ ጊዜ አስጨምሬለት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ለኩላሊቱ ብለው ሽንቱን ወስደው ነበር፤ ታሪኩን ስለምታውቅ ያንን ምርመራም አብራ አሠርታለት ኖሯል። "ሽንቱ ላይ ምንም አልተገኘም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ማጨሱን ከተወ ቆይቷል ብለሽኝ የለ? በራሱ ጠፍቷል። ኮሶውን ባይጠጣም ውጤቱ ይኸው ነበር።"

ወንድሜ ሰምቶ ከትራሱ ቀና አለ።

"ምንም የለም አለች?"

"ምንም የለም፣ ወንድምዬ።"

"አለፍኩ በይኛ! ደውይላቸው፣ እታለም። አሁኑኑ ደውይላቸው።"

ዓይንህስ ብዬ እንዴት ልጠይቀው? ወደ ሐኪሟ ዞርኩ፤ አንገቷን ደፍታ ወደ ሌላው አልጋ ሄደች። ደወልኩ። ስልኬ የገበያ ስልክ ነው፤ ድምፁ ጮክ ብሎ ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል። የድርጅቱ ሰው መታመሙን እንጂ ምን እንዳገኘው አያውቅም።

"ውጤቱ ንጹህ ነው" አልኩት።

"እሰይ! እኛም እሱን ነው የምንጠብቀው" አለኝ። "ሲሻለው ይምጣ። ማኪናው ገብቷል፤ አዲስ ነው፣ ግቢ ውስጥ ቆሞለታል።"

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

"ቀለሙን ጠይቂልኝ" አለ።

ጠየቅኩለት። ነጭ ነው አለ ሰውዬው።

"ነጭ?" አለ ወንድሜ። ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። "ለዛሪማ መንገድ ነጭ አይሆንም፤ አቧራው አይጣል ነው። በየቀኑ ማጠብ ሊኖርብኝ ነው።"