ከመዶሻው ጋር የቀሩ ስሞች

ባሌ ሶፋ አዳሽ ነው። ወሬ ይወዳል ብል ማሳነስ ይሆንብኛል፤ ሚስማሩን በከንፈሩ ደርድሮ ይዞ እንኳ ያወራል። እኔ የሶፋውን ልብስ እየሰፋሁ፣ እሱ ሚስማር እየመታ፣ ትዳራችን በወሬ ላይ ተቀምጦ ኖረ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች እኛ ቤት መጥተው አያውቁም።

ወሬ ሲያልቅበት ደግሞ የጀርመን ታንኮችን ስም ይጠራል። ልጅ ሳለ፣ እዚያ አገር የተማረ ታላቅ ወንድሙ የጦርነት ጊዜ ተሽከርካሪዎች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አምጥቶለት፣ አጠራሩንም አስጠንቶት ነበር። ባሌ ሽጉጥ እንኳ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። ስሞቹን ግን የሥራ ዜማ አደረጋቸው፤ በየድምፁ አንድ ምት። ፓን፣ ጸር፣ ካምፕፍ፣ ቫ፣ ገን።

ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰ፣ እጁም ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ ንግግሩ ግን ቀረ። ውሃ ማለት አቃተው። አንድ ጠዋት መዶሻውን ሳቀብለው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «ያክት፣ ፓን፣ ጸር» አለ፣ ጥርት አድርጎ። ሰይጣን የገባበት መስሎኝ ክው አልኩ። ንግግሩን የምትከታተለው ሐኪም ግን ስነግራት ሳቀች።

«እናቴ፣ ዕድሜ ልክ በዜማ የተባለ ነገር አንዳንዴ ይተርፋል። እስቲ እሱኑ ይያዙለት» አለችኝ።

ያዝኩለት። የልጅነት መጽሐፉን አውጥቼ «ፓንዘር» ብዬ ሳነብ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ፓንጸር» እስክል አይለቀኝም። ያክቱን እንደ ጽሑፉ «ጃግድ» ብዬ ያነበብኩ ቀንማ አኮረፈኝ። ትርጉሙን ልጃችን ከመዝገበ ቃላት እየፈለገች ነገረችን። ፓንጸር ታንክ፣ ያክት አደን ነው፤ ብዙዎቹ ግን የአራዊት ስም ሆነው ተገኙ። ቬስፐ ተርብ፣ ሁመል ትልቅ ንብ፣ ሉክስ የዱር ድመት፣ ኤለፋንት ዝሆን፣ ናስሆርን አውራሪስ፣ ግሪለ ፌንጣ። ማውስ አይጥ ነው፤ ከሁሉ የገዘፈውን ታንክ አይጥ ያሉት ሰዎች ቀልድ ያውቃሉ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ለነገሩ ሁሉ ስም ሰጠ። ሻይ ሁመል ሆነ፣ ትራስ ማውስ፣ ሐኪሟ ቬስፐ፣ ልጃችን ሉክስ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ የስፖንጁ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ እንቅልፍና ንቃት ይቀላቀሉብኛል። አራዊቱ በድምፁ ውስጥ ሲመጡ አያለሁ። ዝሆኑ በወንበሮቹ መሃል ሆዱን ሰብስቦ ያልፋል። አውራሪሱ ያልደረቀውን ማስቲሽ ላለመንካት ይጠነቀቃል። ቤት የሚያክለው አይጥ ሞላው የወጣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። አንዳቸውም ጦርነት የሚባል ነገር አያውቁም። ደስ ይለኛል።

እኔ ግን ስም አልነበረኝም። ሲፈልገኝ ጠረጴዛውን ይመታል፣ እመጣለሁ። ለትራስ ስም አለው፣ ለእኔ የለውም። በትራስ መቅናት ምን ይባላል? ሆድ ባሰኝ። ያ ሁሉ ዘመን ያወራነው ተጠርጎ ሲሄድ እኔም አብሬ የሄድኩ መሰለኝ።

አንድ ቀን መርፌዬን አስቀምጬ «እኔስ ማን ነኝ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ቲገር ነኝ?»

በእጁ አይደለም አለኝ።

«ኤለፋንት ልሁና። ወፍሬያለሁ እኮ፣ አትፈር።»

ሳቀ፤ አሁንም አይደለም አለኝ። የማውቃቸውን ስሞች በሙሉ ጨረስኩ። ሁሉንም በእጁ መለሰብኝ።

«እንግዲያው ረስተኸኛል ማለት ነው» አልኩት። እንባዬ መጣ።

መዶሻውን አስቀመጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ግንባሩን አላበው። «አ» አለ። ጠበቅኩት። «አን» አለ።

«አንቺ» አለኝ።

ከተጋባን ጀምሮ ሲጠራኝ የኖረው በዚሁ ነው። ለትራስ የአይጥ ስም ይበቃዋል፤ የኔን ቦታ ግን ለሌላ ስም ሳይሰጥ፣ ባዶውን ይዞልኝ ከርሟል። አለቀስኩ። ደግመህ በለኝ አልኩት፤ እስኪመሽ ሲለኝ ዋለ።