ለጋሼ የሰጠሁት መብራት

በ1986 ዓ.ም. ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ በራችን ላይ ቆመና የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔን ግን ያ ሽታ ወስዶ የዚያን ዓመት ቅዳሜና እሁድ ላይ ጣለኝ። ለሚስቴም አውርቼው አላውቅም። ላንተ ልንገርህ፤ ብቻ አታቋርጠኝ።

ያኔ ሶዶ ውስጥ የአንድ ነጋዴ ፒክአፕ እነዳ ነበር። ባለንብረቱ ሁለት ፒክአፕና አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። የጭነት መኪናውን የሚነዳው እኔን መንዳት ያስተማረኝ ሰው ነው። ጋሼ ነበር የምለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የጸሎት ቤት ሰው። አማርኛው እንደኔው በኋላ የተማረው ነው፤ መኪናን አንዴ እሱ ይላታል፣ አንዴ እሷ። ሃያ ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨም።

በዚያ ወር ባለንብረቱ አሮጌውን ሸጦ አዲስ ገዛ። ሰው ሁሉ ቁልፉ የጋሼ ነው ብሎ ነበር። እኔ ግን ፈለግሁት። በእኛ ጊዜ ፒክአፕ የሚነዳ ተላላኪ ነው፣ ጭነት የሚነዳ ነው ሾፌር የሚባለው። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈጥርልህም።

ያኔ ነው እንግዲህ ከአዲስ አበባ የመኪና ክለብ ነን የሚሉ ሰዎች የመጡት። በራቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ መኪኖች ይዘው መጡና በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ በርሜል ደርድረው የውድድር መንገድ ሠሩ። ቅዳሜ ልምምድ፣ እሁድ ውድድር። ለእንጀራ ሳይሆን ለደስታቸው የሚነዱ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሐኪም ነኝ አለኝ፣ አንዱ አስተማሪ። ነዳጅ ለጨዋታ ሲቃጠል ያየሁት ያኔ ነው። ለአገሩ ሾፌሮችም ሁለት ሁለት እየሆናችሁ አምስት ዙር ግጠሙ ብለው ፈቀዱ። ባለንብረቱ ምሳ ላይ ይህን ሰምቶ፣ እናንተም በፒክአፖቼ ግቡ፣ የቀደመ የአዲሷን ቁልፍ ይወስዳል አለ። እየሳቀ ነው ያለው። ጋሼም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቅዳሜ ተለማመድን። ከተበላ ከተማም ከቢጠናም ሰው መጥቶ ሜዳውን ከቦታል። ቀዩ አቧራ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ፀሐይዋ በርሜሎቹን እንደ ምጣድ አግላቸዋለች። ጋሼ ኩርባ ላይ ፍሬን አይነካም፤ በማርሽ ብቻ ይዟት ይዞራል። እኔ በየኩርባው እረግጣለሁ፣ ሸራዬን ያቃጠለው ይኸው መርገጤ ነው። ስቆም ጋሼ መጥቶ ጎማው ጋ ጎንበስ አለና አሸተተ።

«ታ ናአው፣ ልጄ፣ መኪናው ምን አደረገችህ? ለምን ታሳርራታለህ?»

መካኒካችን ምላሱ አያርፍም። ጋሼን፣ አንተስ እንዲህ ቀስ የምትለው ሙሽራ ጭነሃል ወይ ብሎ ተረበው። ጋሼ መለሰለት፤ ሙሽራም ይሁን እንቁላል፣ እኔ የጫንኩት ይደርሳል። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እሁድ ጋሼ ከጸሎት ቤት በቀጥታ መጣ፣ በሙሉ ልብስ። ኮቱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ጎኑ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠና ጀመርን። ገና ከመነሻው ቀደመኝ። በበርሜሎቹ መሃል መንገዱ ጠባብ ነው፤ ፊት ያለው ወዶ ካልለቀቀ የኋላው አያልፍም። አራት ዙር ሙሉ ያየሁት የእሱን ጀርባና አቧራውን ብቻ ነው። አምስተኛው ላይ እንደተሸነፍኩ ገባኝ።

በእኛ መንገድ እንዲህ ነበር። ከኋላህ ያለው መኪና ሁለት ጊዜ መብራት ከሰጠህ ቸኩሏል ማለት ነው። በሽተኛ ጭኖ ይሆናል፣ ለቅሶ ይሄድ ይሆናል፤ አትጠይቅም። የቀኝ ፍሬቻ ታሳያለህ፣ ጠርዝ ትይዛለህ። እሱም አልፎህ አንዴ ክላክስ አድርጎ ያመሰግንሃል። ይህን ያስተማረኝ ጋሼ ነው። ዛሬ የባጃጅ ልጆች ያለ ነገር መብራት ያንቦገቡጋሉ፣ ማንም አይለቅላቸውም። ጋሼ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይለቅ ቀርቶ አያውቅም።

ከመጨረሻው ኩርባ በፊት ሁለት ጊዜ አበራሁ።

ወዲያው የቀኝ ፍሬቻው በራ። ጠርዝ ያዘ። እጁንም በመስኮት አውጥቶ እለፍ አለኝ። አለፍኩ፤ ሳልፍም ክላክስ አደረግሁ።

ኋላ ለራሴ፣ እጄ ለምዶ ነው ያበራሁት እል ነበር። ውሸት ነው። እጄ የለመደው ክላክሱን ነው። መብራቱን አውቄ ነው ያበራሁት።

ሰው ተሸከመኝ። በዚያ አቧራ ውስጥ መብራቱን ያየ የለም፤ ሽማግሌው ደከመ ነው ያሉት። መካኒኩ ደግሞ ሙሽራዋ ኩርባው ላይ ወረደችብህ ወይ እያለ ይስቅበታል። ባለንብረቱ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ መጣና፣ ምን ሆነህ ነው ብሎ ጋሼን ጠየቀው። ጋሼ ኮቱን በክንዱ እንደያዘ ወደ እኔ ቀረበና በቀስታ፣

«ታ ናአው፣ የቸኮልክ መስሎኝ ነው» አለኝ።

ቁጣ አይደለም። ዓይኑ ላይ አየሁት፤ ከልቡ ነው። ከዚያ ጠበቀኝ። ባለንብረቱም ቆሟል። መብራት ሰጥቼው ነው ያሳለፈኝ ብል በቃ፣ ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማዬን ማየት ጀመርኩ። ቀና ስል ባለንብረቱ ቁልፉን መዳፌ ላይ አደረገው።

ጋሼን ፒክአፑን ንዳ ቢሉት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተበላ ከተማ አጠገብ እርሻ አለኝ ብሎ ሄደ። የመብራቱን ነገር ለማንም አልተናገረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሞት ለቅሶ ሄድኩ። ሚስቱ እጄን ይዛ ከልጆቹ ጋር አስቀመጠችኝ። ያስተማርኩት ልጅ ቀደመኝ እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያወራ ነበር አለችኝ፤ ኮርቶ ነው የሚያወራው አለችኝ። እዚያም አፌን አልከፈትኩም። ይኸው እስከዛሬ።

ያን እሁድ እንዴት እንዳደርኩ አላስታውስም። ሰኞ ማለዳ ግን አዲሷ መኪና ለቤሌ ገበያ ጨውና ሲሚንቶ ተጭኖባት ቆማ ነበር። ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከአዲስ አበባ ነድቶ ያመጣት ጋሼ ስለነበር ወንበሩ በእሱ እግር ልክ ወደ ኋላ ተስቧል፤ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ አልደርስ አለ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት። መስታወቱንም ወደ ራሴ አዞርኩ። ሞተር አስነስቼ ወደ ቤሌ ሄድኩ።