ደመና የሚሏት ቀለም ቀቢ

በግራ እጇ የባልዲውን ጆሮ ይዛ በቀኟ ቀለሙን በዱላ ታማስላለች። ቀስ እያለች፣ ከታች ወደ ላይ እየመለሰች። ዱላውን ብድግ አድርጋ አወራረዱን ታያለች፤ ሳይቆራረጥ እንደ ክር ከወረደ «በቃ፣ ደርሷል» ትላለች። እንዲያ ስትጠነቀቅ ያያት ሰው ለሕፃን አጥሚት የምታማስል እንጂ ለግድግዳ የምትለፋ አይመስለውም።

ሥራ ቦታ ስሟን የሚጠራ የለም። ሁሉም «ደመና» ነው የሚሏት። ንፋሱ ጸጥ ብሎ አየሩ ሲከብድ ጆሮ ግንዷን ይወቅራታል። ያኔ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስርና ብሩሿን ታነሳለች። ቁመቱ ረዝሞ «መሰላል» የተባለው ባልደረባዋ ደግሞ አፉ አያርፍም።

«ዛሬስ ምን ሆንሽ?»

«ራሴን።»

«እንኳን ዘንቦብሽ፣ እንዲያውም ጤዛ ነሽ!»

ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፣ ሆዷ ግን አይስቅም። ሰነፍ እንዳይሏት ሕመሟን ውጣ ከማንም ቀድማ መሰላል ላይ የምትወጣው እሷ ነበረች።

እየዋለ እያደረ ግን አለቃው ሻሹ በጠበቀ ቁጥር ዝናብ እንደሚከተል ልብ አለ። እርጥብ ቀለም ዝናብ ካገኘው እንዳለቀሰ ፊት ይዥጎረጎራል። ስለዚህ አለቃው ሰማዩን ማየት ተወና የእሷን ግንባር ማየት ያዘ። ሻሿ ጠበቅ ካለ «ሸራ አልብሱ!» ነው። እሷም እውነቱን ለመናገር ኮራ አለች። የተሳቀበት ሕመም ሲታመን ማን አይኮራም?

ያኔ የሚቀቡት የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ነበር። እሷ ሥራ ከጀመረች ወዲህ የሚደርሳት ጓዳ፣ ኮሪደርና የሽንት ቤት በር ነው። የዚህን ሕንፃ ፊት፣ መንገደኛው ሁሉ የሚያየውን ግድግዳ፣ አለቃው «ያንቺ ነው» ብሏታል። ከደስታዋ ብዛት ለእናቷ ደጋግማ ነገረቻት።

ሊጀመር በታሰበበት ጠዋት እቃ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ የመስኮቶቹን የዘይት ቀለም ስትበጠብጥ ቆየች። ስትወጣ ራሷ ሊፈነዳ ደርሷል። ሻሿን አሰረች።

«ሸራ አልብሱ!» አለ አለቃው።

አለበሱ፤ ተቀመጡ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ዋለ። ማታ ድረስ ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ደመናችን ዛሬ ባዶዋን ነው የመጣችው» አለ መሰላል።

አለቃው አልሳቀም። «ፊቱን መሰላል ይቀባዋል። አንቺ ወደ ጓዳሽ።»

ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አይታ ነገሩ ገባት።

«ቁርስ በልተሽ ነበር የወጣሽው?»

«ለቁርስ ማን ጊዜ አለው፣ እማዬ?»

«ትላንትስ ተኝተሻል? ስትገላበጪ ሰምቼሻለሁ። ነገ ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ።»

«እንደ ሕፃን አዝለሽ?»

«ከታዘልሽልኝ ምን ገዶኝ!»

ሐኪሟ በትዕግሥት ሰማቻት። የአየር ለውጥ ራስ ምታት የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች እንዳሉ፣ እሷም ከእነሱ አንዷ ልትሆን እንደምትችል ነገረቻት። «ግን ሁሉንም ሰማይ ላይ አትለጥፊው» አለቻት። «ባዶ ሆድ፣ የውሃ ጥም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የቀለም ሽታ፣ እነዚህም ያማሉ። አንዳንዴ ተደራርበው ይመጣሉ።»

በነጋታው በልታ፣ ጠጥታ፣ ቀጥ ብላ አለቃው ፊት ቆመች።

«አለቃ፣ አልዋሸሁዎትም። ራሴን አሞኝ ነበር፤ ይዘንባል ግን አላልኩም። ሰማዩን እርስዎ ይዩት፣ ራሴን ለእኔ ይተዉልኝ። ሲያመኝ ጥላ ሥር አረፍ እላለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። ግድግዳው ግን የተሰጠኝ ለእጄ ነው።»

 በአለቃው ፈንታ የመለሰው መሰላል ነው፦ «እኔ ከፍታውን እንጂ ጠርዙን እንደሷ አልችልም። ይስጧት።»

ተሰጣት። ከላይ ወደ ታች፣ ብሩሿን ሳታቆራርጥ ወረደችበት። በመጨረሻው ቀን አየሩ ከበደ፤ ጆሮ ግንዷም ይወቅራት ጀመር። ሻሿን ስትነካ ሁሉም እጃቸውን ወደ ሸራው ሰደዱ።

«ወደ እኔ አትዩ! ቀና ብላችሁ እዩ!» አለች እየሳቀች። ሁሉም ቀና አሉ፤ ደመናው ስስ ነበር። ውሃዋን ይዛ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሲቀልላት ተነስታ የቀረችውን ጥግ ጨረሰች። ያን ቀን አልዘነበም።

እናቷ ግድግዳው ሲደርቅ መጥታ በመዳፏ ዳበሰችው። አንድም የብሩሽ ጭረት አላገኘችም። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር «የልጄ እጅ ነው» ትል ነበር፤ ሳይጠይቋት።

ደመና ዛሬም ደመና ናት፤ ራሷን ዛሬም አልፎ አልፎ ያማታል። ይህን ለሚያነብ ግን አደራ አላት፦ አጠገባችሁ ያለ ሰው «ራሴን» ካላችሁ፣ አትሳቁበት፣ ይዘንባል ብላችሁም ሰማይ ሰማዩን አትዩ። መጀመሪያ እመኑት። ከዚያ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠይቁት፤ ውሃም አቀብሉት።