ቁመቴን የሚያህል ደጋን

ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እጄና እግሬ ብቻ የረዘመ፣ ሌላው ገና ያልደረሰ ልጅ ነበርኩ።

ሰሞኑን ጋምቤላ ገበያ ዳር አንድ ጎረምሳ ለጎጆ የሚሆን እርጥብ እንጨት ሲልጥ አጠገቡ ደረስኩ። ያ ጣፈጥም መረርም የሚል የትኩስ ልጥ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እጄ ሳላዘው ወደ አገጬ ሄደ። እዚያ ጠባሳ አለኝ። ጎረምሳው "እናቴ፣ እንጨት ፈለግሽ?" አለኝ። "የለም ልጄ፣ ሽታውን ነው" ስለው ሳቀብኝ። ለእሱ ያላወራሁትን ለእናንተ ላውራችሁ።

ወላጆቼ በሠፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። ደርግ ወድቆ ጋምቤላ ክልል መባል ስትጀምር፣ ቃሉ ገና አፋችን ላይ ሳይለመድ፣ ግማሹ መንደር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኛ ቀረን። አባቴ "ባዶ እጄን አገሬ አልገባም" ብሎ ወርቅ ሊቆፍር ዲማ ሄደ። ኮቱን "እዚያ ይቀደድብኛል" ብሎ ምሰሶው ላይ ሰቅሎት ነው የሄደው። ክርኑ የተጣፈ፣ ትምባሆና ላብ የሚሸት ጥቁር ኮት። ስንወጣም ስንገባም ያየናል።

ሰው ሲሳሳ ዝንጀሮ በዛ። ጎረቤቶቻችን የለቀቁት ማሳ ጫካ ሆነ፤ ጫካውም በቆሏችን ጫፍ ድረስ መጣ። ዝንጀሮ ደግሞ ሴት አይፈራም፤ ማሳ ሲጠብቅ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። ወንድ ሲያይ ከሩቅ ይሸሻል። እኔና እማዬ ግን ቆርቆሮ እየደበደብን፣ ጉሮሯችን እስኪዘጋ እየጮህን፣ ገመሬው እሸቱን በብብቱ ይዞ ቁጭ ብሎ ያየን ነበር። ገመሬ መሪያቸው ነው፤ ጋማው ትከሻው ላይ የወረደ ትልቅ ወንድ። በወንጭፍ ብወረውርበት ድንጋዩን አነሳና አሽትቶ ጣለው።

ሌሎቹ ሴቶች መላ ነበራቸው። የባላቸውን ሱሪና ባርኔጣ አድርገው ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ዝንጀሮውም ወንድ መስሎት ይሸሻል። እኔም እማዬን "የአባዬን ኮት ልልበስ" አልኳት።

"እንዳትነኪው።"

"ለምን?"

"የሄደ ሰው ልብስ ሌላ ሰው ላይ ከዋለ አልቅሰን ቀበርነው ማለት ነው። ባለቤቱ መጥቶ ይለብሰዋል።"

ከዚያ ወዲያ ስለ ኮቱ አላነሳሁም። ፍርዱ ግን እኔ ላይ መጣ፦ እሸቱ እስኪደርቅ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ከእሷ ጋር ማሳ እንድጠብቅ። እማዬ ክፉ ሆና አይደለም፤ በቆሎው ካለቀ የምንበላው የለንም። ግን "ለአንድ መኸር ብቻ" ተብላ ቀርታ የተመለሰች ልጅ በመንደራችን አላየሁም። አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ እንደዚሁ ተብላ ቀርታ በዓመቱ ተዳረች። እኔ ደግሞ ማንበብ ገና ሲጣፍጠኝ ነበር። ስለዚህ ማማው ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ዝንጀሮው ቀሚስ መፍራት ከተማረ እማዬ ብቻዋን ትበቃለች፤ እኔም እማራለሁ።

መንገዱን ያሳየኝ የእማዬ ጥጥ መንደፊያ ደጋን ነው። ከወሎ ይዛው የመጣች፣ ጅማት የተወጠረበት ትንሽ ደጋን። ጅማቱን ስትመታው ድው፣ ድው ይላል፤ ጥጡም እንደ ጉም ይነሳል። አንድ ቀን ዞር ስትል የአገዳ ስንጣሪ ጅማቱ ላይ አድርጌ ስቤ ለቀቅሁት። ሄዶ የጭቃው ግድግዳ ላይ ተሰካ።

"ዕቃዬን እንዳትሰብሪ" አለች ሳትዞር።

እኔ ግን በልቤ ትልቁን፣ ቁመቴን የሚያህለውን እያየሁ ነበር።

እኛ ሠፋሪዎች የዚህን አገር ዛፍ ሁሉ በአገራችን ስም ነበር የምንጠራው። ቅጠሉ ትንሽ ከመሰለ ወይራ፣ ፍሬው ከመሰለ ዋንዛ እንለዋለን። ወንዙ ዳር ሁላችንም ወይራ የምንለው ዛፍ ነበር። ወይራ ጠንካራ ነው ሲሉ ሰምቼአለሁና ቀጥ ያለውን ቅርንጫፍ በገጀራ ቆረጥኩ። ቶሎ እንዲደርስልኝ ምድጃ ላይ አደረቅሁት፤ ዙሪያውን ጠርቤ ሲባጎ አሰርኩበት። ማሳው ጫፍ ቆሜ በሙሉ ጉልበቴ ስስበው ጧ ብሎ ለሁለት ተሰበረ፤ ስባሪውም አገጬን ቀደደኝ።

ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ሽማግሌ ነበር። እዚያው ተወልዶ ያረጀ፣ ዓሣ እያጠመደ የሚኖር አኙዋ ነው። አማርኛን የለመደው ከእኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላል። ደሜን በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ሲያገኘኝ መጀመሪያ ያነሳው ስባሪውን ነው። አሸተተው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ወይራ ነው አባባ።"

"ማን አለ?"

"ሁላችንም።"

ሳቀ። "እናንተ ስም ሰጣችሁ፤ ዛፉን አልጠየቃችሁም። ይሄ ማገዶ ነው። ማገዶም መጥፎ፤ ጭስ ብቻ።"

ለምን እንደፈለግሁት ነገርኩት፤ ዝንጀሮውንም፣ ትምህርቱንም። "እኛ ጦር ነው። ቀስት እኔ አላውቅም" አለ። "የጦር እንጨት ግን አውቃለሁ። ሲወረወር ይንቀጠቀጣል፣ አይሰበርም። ና።"

ልጡ ለገመድ፣ እንጨቱ ለጦር ዘንግ የሚሆን ዛፍ ጋ ወሰደኝ። ስሙን በቋንቋው ነገረኝ፤ ምላሴ እምቢ ሲለው ደግሜ ደጋግሜ አስባለኝ እንጂ ሌላ ስም እንዳወጣለት አልፈቀደም። አንዱን ቀንበጥ አጎንብሶ ለቀቀው፤ ቀንበጡ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ጉጥ የሌለበትን ራሴ መረጥኩ፤ ራሴ ቆረጥኩ። ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ የዓሣ ስብ ቀባልኝ። "ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። እሳት የለም፣ ፀሐይ የለም።"

ከሁሉ የከበደኝ መጠበቁ ነው። በየቀኑ ገመሬው ከበቆሏችን ይቀንሳል፤ እኔም በየማለዳው ወንዙን ተሻግሬ እንጨቱን እዳብሳለሁ።

"ደረሰ አባባ?"

"አንተ ትሮጣለህ። እንጨት አይሮጥም።"

ሲደርስ በመዳፌ ሳንኳኳው ድምፁ ጠርቶ ነበር። ገጀራውን ትቼ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ ሁለቱ ክንዶች እኩል እስኪጎብጡ። በውጭ በኩል የሚውለውን የጀርባውን እንጨት ሽማግሌው አላስነካኝም፤ "እሱ ነው እንዳይሰበር የሚይዘው" አለ። እኩል መጉበጡን ግን እሱም አያውቅም ነበርና ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እያጎበጥን፣ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን እያየን፣ አንዳንዴም እየተጨቃጨቅን ጨረስነው።

ሲባጎው አልያዘም፤ ይለጠጣል። ሦስተኛው ሲበጠስ እማዬ ተነሳች። የጥጥ መንደፊያዋን ጅማት ፈትታ ሰጠችኝ።

"ጥጡስ?" አልኳት።

"ጥጥ አይበላም።"

ፍላጻውን ከሸምበቆ ሠራሁ። ጫፉ ላይ ምስማር ላስር ስል እጄን ያዘችኝ። "አትግደይው። ከሞተ ሴት እንደመታው ለማን ይነግራል? ጫፉን ደነዝ የእንጨት ጉጥ አድርጊው። ሄዶ እንዲያወራ ነው የምንፈልገው።"

ኩይሳ ላይ ስለማመድ ሰነበትኩ። ጣቶቼ ቆሰሉ፤ ደረቁና እንደገና ቆሰሉ። ገመሬው በመጣ ጊዜ ጠል ገና ከበቆሎው ቅጠል አልረገፈም ነበር። ሴት መሆኔ እንዳይጠፋው ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሻሼን አስሬ፣ ከማማው ወርጄ ሜዳው ላይ ቆምኩ። እማዬም ከኋላዬ ቆመች። እሱ እንደ ልማዱ እሸቱን ሸልቅቆ ቁጭ አለና አየን። የመጀመሪያው ፍላጻ በላዩ አለፈ፤ ቀና ብሎ ተከተለውና ወደ መብሉ ተመለሰ።

"ወደ ታች" አለች እማዬ በቀስታ።

ሁለተኛው ጎኑ ላይ ሲያርፍ የከበሮ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ዘሎ ተነሳ። እሸቱ ከእጁ ወደቀ። ወደ ፍላጻው አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ቀሚሴን አየ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኸና መንጋውን ይዞ ጫካ ገባ። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አባቴ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ወዲያው አልተውንም፤ ሌላ ማለዳም ተመልሰው ሞከሩን። እስከዚያ ግን እማዬም መሳብ ተምራ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እጇ የጸና ሆነ። በኋላ ደጋኑን ይዛ ብድግ ስትል ብቻ ይበቃቸው ነበር። ከበቆሎው የተረፈው ክረምት አወጣን። እኔም ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ተመለስኩ፤ ኮሌጅ ባልገባም ማንበብን ያስቀጠለኝ ያ ደጋን ነው።

ከዲማ የአባቴን ወሬ የያዙ ሰዎች ይመጡ ነበር። አንዱ "አይቼዋለሁ" ይላል፤ ሌላው "ከዚያ አልፎ ሄዷል" ይላል። እማዬ ለሁሉም ውኃ ሰጥታ ታዳምጣለች። ከጊዜ በኋላ መጠየቅ ተወች።

በቀጣዩ ዓመት በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ኮቱን ከምሰሶው አወረደች። አጠበችው፤ አደረቀችው፤ የላላውን ቁልፍ ሰፋች። ወንዙን ተሻግራ ለሽማግሌው ሰጠችው። ባዶ ደረቱ ላይ ለበሰው፤ እጅጌው ክርኑን አለፍ ብሎ ቀረ። ወደ ቤት ተመልሳ ጅማቱን ከረጅሙ ደጋን ፈታችና መንደፊያዋ ላይ ወጠረችው። ከዚያ እስኪመሽ ጥጥ ነደፈች።